የባሕር ሰዓት፤ በዛንዚባር ጠረፍ ስለ ሰነበትንበት ዕረፍት

የደጋ ሰው ስለ ባሕር ያለው ዕውቀት አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የታየ ሳይሆን በጆሮ የተሰማ ነው። በልጅነታችን ዳዊት ስንደግም ባሕርንና ማዕበልን በየቀኑ በአፋችን እንጠራለን፤ ስለ ሙሴና ስለ ኤርትራ ባሕር፥ ስለ ዮናስና ስለ ዓሣ አንበሪው ሲተረክ እንሰማለን፤ ነገር ግን ከቀዬያችን ወንዝ የሰፋ ውኃ ሳናይ ብዙዎቻችን እናረጃለን። ጣናን ባሕር ብለን ከተማውን ባሕር ዳር ያልነው ከእርሱ የሚበልጥ ባለማየታችን ነው እያለ የሚቀልድ አንድ ወዳጅ አለን፤ ቀልዱም ከእውነት የራቀ አይደለም።

በቀድሞው ዘመን በሥራ የደከመ ሹም ወይም ጸሐፊ ባሕር ማየት ሲሻ ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን አገራችን የባሕር ጠረፍ የሌላት ሆነች። ከዚያ ወዲህ አቅሙ የፈቀደለት ቤተ ሰብ ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ይሄዳል፤ ከዚያም አልፎ በአውሮፕላን ወደ ሞምባሳ፥ ወደ ሲሸልስና ወደ ዛንዚባር መሄድ እየተለመደ መጥቷል። ከዚያ የተመለሱትን ምን አያችሁ ብለን ስንጠይቃቸው ነጭ አሸዋ፥ ረዥም ዛፍና ሰማያዊ ውኃ አየን ይሉናል፤ ሥዕሉንም ያሳዩናል። ይህን ለማየት ግን ሥዕሉ ብቻ ይበቃ ነበር። ያን ያህል ገንዘብና ድካም የሚወጣበት ጉዞ ሌላ ነገር ሊያስተምር ይገባዋልና፥ እኛ በዛንዚባር ስምንት ቀን ሰንብተን ያየነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንጽፍ ወደድን።

የሄድነው በነሐሴ ወር የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ነው። ተጓዦቹም እኛ፥ ባለቤታችን፥ የዐሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጃችን፥ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃችን፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈው እናታችን ሆነን አምስት ነበርን። በነሐሴ ወር ለምን ሄዳችሁ የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ስድስት ዲግሪ ያህል ርቃ የምትገኝ ናት፤ ስለዚህ በእኛ አገር ክረምቱ በሚበረታበት ጊዜ በእነርሱ ዘንድ ዝናም የሚያንስበትና አየሩ ቀዝቀዝ የሚልበት ወራት ነው። ታላቁ ዝናማቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ይዘንማል፤ ታናሹም በኅዳር ገደማ ይመጣል። ነፋሳቸውም እንደ ወራቱ ይለዋወጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል፤ በእኛ ክረምት ከደቡብ የሚነፍሰውን ደግሞ ኩሲ ይሉታል። የጥንት ነጋዴዎች ከዓረብና ከህንድ አገር በሸራ መርከብ ወደ ደሴቲቱ የሚመጡት በአንደኛው ነፋስ ሲሆን፥ ወደ አገራቸው የሚመለሱት ሁለተኛውን ነፋስ ጠብቀው ነበር። ይህች ደሴት ዓረቡ፥ ህንዱና የአፍሪቃው ሰው የተቀላቀለባት የሆነችው በነፋሱ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ከአዲስ አበባ እስከ ዛንዚባር ያለው የአየር መንገድ ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነው። እናታችን በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ኬንያን እስክናልፍ ድረስ አንድ ቃል ሳይናገሩ ቆዩ። ደመናው ተገልጦ ውኃው በታየ ጊዜ ግን ወደ እኛ ዘወር ብለው «ይህ ሁሉ የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። የማንም አይደለም ብለን መለስንላቸው። እርሳቸውም «የማንም ያልሆነ ነገር እንዲህ ተዘርግቶ ይቀመጣል?» ብለው ዝም አሉ። ርስት በጋሻና በወሰን ሲለካ ላየ ሰው ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር።

ከአውሮፕላን ስንወርድ አስቀድሞ ያስደነቀን ሰላምታቸው ነው። የደሴቲቱ ልጆች ሽማግሌ ሲያዩ «ሺካሞ» ይላሉ፤ ሽማግሌውም «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። የሺካሞን ትርጓሜ ብንጠይቅ እግርዎን እይዛለሁ ማለት ነው አሉን። እናታችን ይህ በተነገራቸው ጊዜ «እንግዲያስ ከሰው አገር አልመጣንም» አሉ፤ በእኛም አገር ልጅ የአባቱንና የእናቱን ጉልበት ይስማልና። ቋንቋቸው ስዋሒሊ ሥሩ ከአፍሪቃ ሕዝቦች ቋንቋ ሆኖ ከዓረብኛ ብዙ ቃል የወሰደ ስለሆነ፥ ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው አንዳንዱ ቃል እንግዳ አይሆንበትም። ባሕርን ባሃሪ ይሉታል፤ ሰዓትን ሳኣ፥ ሰባትን ሳባ ይላሉ። አገራችንንም በጥንቱ አጠራር ኡሐበሺ ይሏታል።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን የሰዓት አቆጣጠራቸው ነው። ፈረንጆች ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ሲቆጥሩ፥ የስዋሒሊ ሕዝብ ግን እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ይቈጥራል። ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለውን የጧት ጊዜ እነርሱም እኛም አንድ ሰዓት እንላለን። በሆቴሉ ግድግዳ የተሰቀለው ሰዓት በፈረንጅ ይቆጥራል፤ አትክልተኛውና ዓሣ አጥማጁ ግን በፀሐይ ይቆጥራሉ። ስለዚህ ሌሎቹ እንግዶች ከአገሩ ሰው ጋር ቀጠሮ ሲያደርጉ በስድስት ሰዓት ሲሳሳቱ፥ እኛ አንድም ቀን አልተሳሳትንም። ነገር ግን በዚያች ደሴት ከፀሐይ ሰዓት ሌላ ሦስተኛ ሰዓት እንዳለ ያወቅነው ወደ ኋላ ነው፤ እርሱንም በቦታው እንገልጠዋለን።

አስቀድመን የድንጋይ ከተማ በሚባለው በአሮጌው ከተማ ሁለት ቀን አደርን። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው፤ መንገዶቹም ከጠባብነታቸው የተነሣ ሁለት ሰዎች ዕቃ ተሸክመው ሲገናኙ አንደኛው በበር ውስጥ ገብቶ ሌላውን ያሳልፋል። በሮቹ ከወፍራም እንጨት ተቀርጸው በናስ ጉልላት የተንቈጠቈጡ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን ከተማ በ2000 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል። በባሕሩ ፊት ለፊት ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 የሠራው የድንቅ ቤት የሚባለው ታላቅ ሕንፃ አለ። በደሴቲቱ የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የገባው በእርሱ ነው። ሆኖም በታኅሣሥ 2020 በልደታቸው ቀን በእድሳት ላይ ሳለ ከፊሉ ፈርሶ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ታላቅ ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚሞተው ባለቤቱ ሳይሆን ምሰሶውን የሚጠግነው ሠራተኛ መሆኑን ይህ ያስታውሳል።

በዚሁ ሕንፃ አጠገብ ሌላም ነገር ተፈጽሟል። በፈረንጆች አቆጣጠር ነሐሴ 27 ቀን 1896 ዓ.ም. የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት በመድፍ መቱት፤ ጦርነቱም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተፈጸመ። ከሱልጣኑ ወገን አምስት መቶ ያህል ሰው ሲሞትና ሲቆስል፥ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው አንድ መርከበኛ ብቻ ነው። ይህ የሆነው ከዐድዋ ድል ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ልጃችን ቀኑን ከዐድዋ ቀን ጋር አስተያይቶ «በአንድ ዓመት ውስጥ እኛ አሸንፈን እነርሱ ለምን ተሸነፉ?» ብሎ ጠየቀን። እኛም መድፍ በመርከብ ተጭኖ እስከ ቤትህ ደጃፍ የሚመጣበት አገርና በተራራ የተከበበ አገር አንድ አይደለም ብለን መለስንለት። ባሕር ሀብት ያመጣል፤ ጠላትንም ያመጣል።

ከዚያ ቤተ መንግሥት ስለ ወጣች አንዲት ሴት ደግሞ ልንጽፍ ይገባናል። የሱልጣን ሰዒድ ልጅ ልዕልት ሳልማ በ1844 ተወለደች፤ በ1866 ከደሴቲቱ ወጥታ ጀርመናዊ ነጋዴ አገባች፤ በ1886ም የሕይወቷን ታሪክ በጀርመንኛ አሳተመች። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድላትም ነበርና፥ በግመል የትከሻ አጥንት ላይ ፊደል እየቀዳች መጻፍን በስውር ተማረች። በመጽሐፏም በአባቷ ቤት ከነበሩት ሴቶች መካከል ከሐበሻ አገር የመጡ እንደ ነበሩ ጽፋለች። እነዚያ ሴቶች በፈቃዳቸው አልሄዱም፤ ተሸጠው የሄዱ ናቸው። ባለቤታችን ይህን ስትሰማ «ከእነርሱ አንዲቱ ስንኳ ፊደል ብትማር ኖሮ ስማቸውን እናውቅ ነበር» አለች።

የባሪያ ገበያው የነበረበት ስፍራ ዛሬ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል። ሱልጣን ባርጋሽ እንግሊዞች አስጨንቀውት በሰኔ 1873 ገበያውን ለመዝጋት ውል ፈረመ፤ በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ መሠረት ተጣለ። መንበሩ የቆመው ባሮቹ ይገረፉበት በነበረው ዛፍ ቦታ ነው ይባላል። ባርነት ራሱ በሕግ የተሻረው ግን ከዚያ በኋላ በ1897 ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አንዲት የስዊድን ሴት ቀራፂ በ1998 የሠራችው መታሰቢያ አለ። በጕድጓድ ውስጥ አምስት ሰዎች በአንገታቸው ሰንሰለት ታስረው ቆመዋል። እናታችን ከዳር ቆመው የአምስቱን ፊት በየተራ ተመለከቱና «የእነዚህ እናቶች ልጆቻቸው የት እንደ ደረሱ ሳያውቁ ሞቱ ማለት ነው?» አሉ። እኛም አዎን አልን። ከዚያ ስፍራ እስክንወጣ ድረስ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

በሦስተኛው ቀን ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ስንሄድ በመንገድ የቅመም እርሻ አየን። በጓዳችን በቁና የሚሰፈረው ቅመም በዛፉ ላይ ሳለ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ቅርንፉድ ማለት ገና ያልፈነዳ አበባ ነው፤ ሳይከፈት ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቃል፤ ከተከፈተ ግን ዋጋ ያጣል። ቀረፋ የዛፍ ልጥ ነው፤ እርድ ሥር ነው፤ ቁንዶ በርበሬ በሌላ ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው። ባለቤታችን እያንዳንዱን እያሸተተች ስሙን በአማርኛ ስትናገር እርሻውን የሚያሳየን ወጣት እጅግ ተደነቀ። ሄልን ባየች ጊዜም የእኛ ኮረሪማ ታናሽ ወንድም አለችው። ከዚያም በ2004 የተከለለውን የጆዛኒን ደን አቋርጠን ስናልፍ ከዛንዚባር በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኘውን ጀርባው ቀይ የሆነ ጦጣ አየን። የጉሬዛችን ዘመድ ነው፤ እንደ ጉሬዛም ቅጠል ይበላል፤ ከሰውም አይሸሽም።

ወደ ጠረፉ ደርሰን ባደርንበት ማግሥት ጧት ስንነሣ ባሕሩ የለም። ማታ ከሆቴሉ ደረጃ ሥር ሲመታ የሰማነው ውኃ እስከ ዓይን መድረሻ ርቆ ሄዶ፥ በምትኩ እርጥብ አሸዋ፥ ሣርና ኩሬ ተዘርግቶ ነበር። ሴት ልጃችን ሮጣ መጥታ ባሕሩን ሌሊት ወሰዱት ብላ ነገረችን። ከዚህ ቀደም ያልነው ሦስተኛ ሰዓት ይህ ነው። ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በአንድ ቀን ከሌሊቱ ጋር ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ነገር ግን ጨረቃ በየቀኑ ስለምትዘገይ የባሕሩም ሰዓት በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይላል። ጨረቃ በምትሞላበትና በምትወለድበት ሰሞን ሙላቱም ጉድለቱም እጅግ ይበረታል። ጠረፉም እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ውኃው ሲጎድል አሸዋው አንድ ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ይገለጣል፤ ከዚያ ወዲያ የኮራሉ አለት ማዕበሉን ይገታል።

በሆቴሉ ካረፉት እንግዶች አያሌዎቹ በዚህ አዝነው አየን። ባሕር ሊታጠቡ መጥተው ባሕር ቢያጡ፥ ገንዘባችን በከንቱ ወጣ እያሉ በወንበር ላይ ተኝተው ውኃው እስኪመለስ ይጠብቁ ነበር። እኛ ግን ባዶ ነው በተባለው አሸዋ ላይ ብዙ ሰው አየን። የመንደሩ ሴቶች ረዥም ቀሚስ ለብሰውና ካንጋ የሚባለውን ባለ ቀለም ጨርቅ ተከናንበው፥ ከረጢትና ገመድ ይዘው ወደ ተገለጠው ምድር ይወርዳሉ። እርሻቸው በዚያ ነው። ትናንሽ እንጨት ተክለው በእንጨቱ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፤ በገመዱም ላይ ምዋኒ የሚባለውን የባሕር ሣር ቁራጭ በተርታ ያስራሉ። ሣሩ ባሕሩ ሲሞላ ውኃ ጠጥቶ ያድጋል፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ ይታጨዳል፤ በደጃፍ ተሰጥቶ ይደርቅና ለነጋዴ ይሸጣል።

ይህ ሥራ በደሴቲቱ የተጀመረው በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው፤ የሚበዙትም ሠራተኞች ሴቶች ናቸው። ሣሩ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ከውስጡ ፈሳሽን የሚያወፍር ንጥረ ነገር ይወጣል፤ እርሱም በጥርስ ሳሙና፥ በቅባትና በልዩ ልዩ ምግብ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ጧት ጥርስዎን ሲያጥቡ ምናልባት የእነዚህ ሴቶች ድካም በአፍዎ ውስጥ ነበረ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የባሕሩ ሙቀት እየጨመረ ስለሄደ ዋጋው የሚሻለው የሣር ዓይነት እየበሰበሰ አስቸገራቸው። አንዳንዶቹ ሣሩን ፈጭተው ሳሙና መሥራትና መሸጥ ጀምረዋል። ሌሎቹም የኮኮናት ቅርፊት በባሕሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ወራት ቀብረው፥ ሲለሰልስ ቀጥቅጠው ገመድ ይገምዳሉ። ይህም ሁሉ የሚሠራው ባሕሩ ሲጎድል ነውና፥ እንግዳው የሚያዝንበት ሰዓት ለእነርሱ የእንጀራ ሰዓት ነው።

በጠረፉ በአራተኛው ቀን የሆነውን ነገር አሁን እንጽፋለን። ጨረቃ ሞልታ ስለ ነበር ባሕሩ በረፋዱ በአራት ሰዓት እጅግ ጎደለ። ልጃችን በሆቴሉ ካረፉት ሁለት የእንግዳ ልጆች ጋር ዛጎል ሊለቅም ወደ አለቱ ሄደ። በስድስት ሰዓት ሁለቱ ልጆች ተመለሱ፤ የእኛ ግን አልተመለሰም። ቀና ብለን ብናይ በሩቅ እንደ እንጨት ቀጥኖ ቆሞ አየነው። የባሕር ሙላት በዚያ ጠረፍ እንደ ጎርፍ ከፊት ሮጦ አይመጣም። አስቀድሞ ዝቅ ያለውን ስፍራ በኋላ በኩል ሰርጎ ይሞላል፤ ስለዚህ በከፍተኛው አሸዋ ላይ የቆመ ሰው በፊቱ ገና ደረቅ ምድር እያየ፥ በኋላው ያለው ቦይ ይጠልቃል። ልጁም ቦዩን ሊሻገር ገብቶ ውኃው ወገቡ ሲደርስ ፈርቶ ወደ አሸዋው ተመለሰ፤ አሸዋውም እየጠበበ ሄደ። ዋና አያውቅም።

የሆቴሉ ዘበኛ ፊሽካ ነፋ፤ ጀልባው ግን በደረቅ ምድር ላይ ተቀምጦ ነበርና የሚገፋው ሰው እስኪሰበሰብ ጊዜ ፈጀ። እኛ ወደ ውኃው ገባን፤ ባለቤታችን ትጣራለች፤ ነፋሱ ድምፅዋን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እናታችን በአሸዋው ዳር የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ቆመው አየናቸው፤ አልጮኹም፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። በድንጋይ ከተማ የጠየቁት ጥያቄ በዚያን ጊዜ በልባችን ውስጥ ተመለሰ። ያ ግማሽ ሰዓት በእኛም አቆጣጠር በፈረንጅም አቆጣጠር የሚለካ አልነበረም።

በዚህ መካከል የመጨረሻ ከረጢታቸውን አስረው ወደ መንደራቸው ይመለሱ የነበሩ አንዲት አሮጊት ሴት ልጁን አዩት። «ማጂ ያናጃ!» ብለው ጮኹ፤ ትርጓሜውም ውኃው እየሞላ ነው ማለት ነው። ከረጢታቸውን በውኃው ላይ ጥለው ወደ እርሱ ሄዱ። በቀጥታ ግን አልሄዱም፤ የእርሻቸውን እንጨት ተርታ ተከትለው በግራ በኩል ዞሩ። እርሻ የሚተከለው ምድሩ ከፍ ባለበት ስፍራ ነውና፥ ለእኛ ውኃ ብቻ የሚታየን ለእርሳቸው መንገድ ነበር። የልጁን እጅ ከክርኑ በላይ ያዙት፤ እንደ ያዙትም አልለቀቁትም። ውኃው ከጉልበታቸው እምብዛም ሳያልፍ አዙረው አመጡትና በእናታችን ፊት አቆሙት። ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሰው ሰላምታ ሰጥተው ከረጢታቸውን ሊፈልጉ ተመለሱ፤ ከረጢቱን ግን ባሕሩ ወስዶት ነበር።

ባለቤታችን ወዲያው ገንዘብ ይዛ ወደ ቤታቸው ሄደች፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ የሆቴሉ አሳላፊም አስተርጓሚ ሆነን። እኒያ ሴት ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። «የሚከፈለኝ ስለ ምዋኒ ነው፤ ልጅ ከባሕር ማውጣት ሥራ አይደለም» አሉ። የጠፋውን ከረጢት ዋጋ ብቻ እንዲቀበሉ ብንለምናቸው ጥቂት አስበው የከረጢቱን ዋጋ ተናገሩ፤ ከዚያም በላይ አንዲት ሳንቲም አልወሰዱም። ያን ዋጋ ሰምተን ወደ ማረፊያችን ስንመለስ እርስ በርሳችን መነጋገር አልቻልንም። እኛ ለአንዲት ሌሊት መኝታ የምንከፍለው እርሳቸው ጀርባቸውን አጉብጠው ብዙ ሳምንት የሚሠሩበት ነበርና።

በማግሥቱ እናታችን ከቤት ይዘውት የመጡትን ጀበናና ቡና አንሥተው፥ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ሴትዮዋ ግቢ ሄዱ። በኮኮናት ዛፍ ጥላ ሥር ቡናውን ቆሉ፤ የመንደሩም ሴቶች ሽታውን ሰምተው ተሰበሰቡ። በዚያ አገር ቡናን ካሃዋ ይሉታል፤ ዝንጅብል ጨምረውም ይጠጡታል። ሁለቱ አሮጊቶች አንድ ቋንቋ አልነበራቸውም። ሴትዮዋ ስለ ልጆቻቸው ሲናገሩ «ሳባ» ብለው ጣታቸውን አሳዩ፤ እናታችንም ጣቱን ሳይቆጥሩ «ሰባት!» ብለው መለሱ፤ የራሳቸውንም ቁጥር ነገሩ። ከሦስተኛው ጀበና በኋላ እናታችን ጫማቸውን አውልቀው ሣሩን በስጥ ላይ ሲበትኑ አገኘናቸው። ስለ ዕረፍታቸው ብንጠይቃቸው ከአዲስ አበባ ከወጣን ወዲህ ያረፍኩት ዛሬ ነው አሉን።

ልጃችንም በቀሩት ቀኖች ባሕሩ በጎደለ ጊዜ ከሴትዮዋ ጋር ወረደ። ገመድ ማሰር አስተማሩት፤ ውኃው የሚዞርበትን ምልክት አሳዩት፤ ይኸውም በኩሬው ያለው ሣር ወደ ባሕሩ ተኝቶ ሳለ ቀና ብሎ ወደ መንደሩ መታጠፍ ሲጀምር ነው። ይህን ምልክት ያየ ሰው ሥራው ባያልቅም ይነሣል። ልጁ በስምንተኛው ቀን ስንሄድ እንደ አገሩ ልጆች ዝቅ ብሎ ሺካሞ አላቸው፤ እርሳቸውም ማራሃባ ብለው እጃቸውን በራሱ ላይ አኖሩ።

እንግዲህ ከቤተ ሰብ ጋር ወደ ሞቃት አገር የባሕር ጠረፍ ሊሄድ ለሚያስብ አንባቢ የምንመክረው ይህ ነው። አስቀድሞ የባሕሩን ሰዓት ይጠይቅ፤ ሰሌዳው በሆቴሉ ቢሰቀልም በባሕሩ ላይ የሚሠሩትን መጠየቅ ይበልጣል። ባሕሩ በጎደለ ጊዜ በባዶ እግር አይሂድ፤ የባሕር ጃርት የሚባለው እሾሃም ፍጥረት በአሸዋው ውስጥ ተደብቆ ይወጋልና። ፀሐዩ ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብርቱ ስለሆነ ልጆችን በጥላ ያኑር። የዛንዚባር ሕዝብ አብዛኛው እስላም ነው፤ ስለዚህ በመታጠቢያው ስፍራ የተለበሰው ልብስ በመንደር ውስጥ አይለበስ፤ ሰውንም ሳይጠይቅ ፎቶግራፍ አያንሣ። ልጆቹንም ከመሄዱ በፊት ዋና ያስተምር፤ ላንጋኖ ለዚህ ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ግን ጠረፉን የሰው አገር አድርጎ ይመልከተው። ነጩን አሸዋና ሰማያዊውን ውኃ ብቻ የሚያይ እንግዳ ባሕሩ በጎደለ ጊዜ ባዶ ነገር ያያል፤ የሚሠራበትን ሰው የሚያይ ግን ሁልጊዜ የሚያየው አያጣም። የእኛ ልጅ ከመስጠም የዳነው በሆቴሉ ፊሽካ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት በጉድለቱና በሙላቱ መካከል ተመላልሰው ከውኃው በታች ያለውን ምድር በእግራቸው ባወቁ ሴት ነው። ባሕር የሌለው አገር ሰው የሌላውን ባሕር በገንዘቡ ሊያይ ይችላል፤ የባሕሩን መንገድ ግን ገንዘብ አይገዛውም፤ የሚያሳዩት በዚያ የሚኖሩ ብቻ ናቸው፤ የሚያሳዩትም ሰላምታቸውን ለተቀበለ ነው።